በሰም ላይ የቀረው የእቴጌ ድምፅ

ስለ እቴጌ ጣይቱ ብጡል የተጻፈው ብዙ ነው። ከተጻፈው የሚበዛውን ግን የጻፉት ሌሎች ናቸው። የኢጣልያ መልእክተኞች በንዴት፣ የሌሎች አገሮች ቆንሲሎች በጥርጣሬ፣ የቤተ መንግሥት ጸሐፊዎች ደግሞ በጥንቃቄ ጽፈዋል። ደብዳቤዎቻቸውም ቢሆኑ በጸሐፊ እጅ ያለፉ ናቸው። ከራሳቸው አንደበት ወጥቶ ያለ አስተርጓሚና ያለ ጸሐፊ እስከ ዛሬ የሚደመጠው በአንድ የሰም ሲሊንደር ላይ የተቀረጸው አጭር ሰላምታ ነው። ይህ ሰላምታ በትክክል መሰማቱም ሆነ ተበላሽቶ መሰማቱ የሚወሰነው በመርፌው፣ መርፌውን በሚሸከመው ክንድና በሲሊንደሩ ፍጥነት ስለሆነ፣ የእኒህ ታላቅ ሴት ሕይወት ከታሪክ ጸሐፊው አልፎ የድምፅ ባለሙያውንም የሚመለከት ሆኗል።

እቴጌ ጣይቱ የተወለዱት በ1840ዎቹ ዓመተ ምሕረት ነው። አባታቸው ደጃዝማች ብጡል ኃይለ ማርያም የስሜን ገዢዎች ወገን ሲሆኑ፣ እናታቸው ወይዘሮ የውብዳር ይባላሉ። የልጅነት ዘመናቸው ከደብረ ታቦርና ከማኅደረ ማርያም ጋር ተያይዞ ይነገራል። ከደብረ ታቦር ጋር የሚያስተሳስራቸው ግን የልጅነት ዘመን ብቻ አይደለም። ከጉና ተራራ በስተ ምዕራብ ያለችውን ይህችን ከተማ በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የቆረቆሩት የየጁው ራስ ጉግሣ መርሳ ሲሆኑ፣ በአያታቸው በኩል የዘር ሐረጋቸው ወደ እኒሁ ራስ ይደርሳል። የአባታቸው ወንድም ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያምም በ1834 ዓ.ም. ከራስ አሊ ጋር እዚያው ደብረ ታቦር ላይ ገጥመው ነበር። ድሉ የውቤ ነበር፤ ነገር ግን በድንኳናቸው ድላቸውን ሲያከብሩ ሳሉ ተማረኩ። አሸንፎ የተማረከ ሰው ታሪክ በቤተሰቡ ዘንድ ሳይነገር ቀርቷል ብሎ ማሰብ ያስቸግራል። እቴጌይቱ በኋላ ዘመናቸው ድል ከተገኘ በኋላም ቢሆን ፈጽሞ ሳይዘናጉ መኖራቸው ሲታይ፣ ይህን የአጎታቸውን ዕጣ ማስታወስ ይገባል።

ውቤ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ በዓፄ ቴዎድሮስ ተሸንፈው የስሜን ቤት ሲፈርስ፣ ጣይቱ ገና ሕፃን ነበሩ። ከዚያ በኋላ የነበረው ዘመን ለመሳፍንት ልጆች ሁሉ የመንከራተት ዘመን ሆነ። በእነዚያው ዓመታት ከደብረ ታቦር ጥቂት ራቅ ብላ በምትገኘው ጋፋት፣ አውሮፓውያን ሠራተኞችና የአገሩ ሰዎች በዓፄ ቴዎድሮስ ትእዛዝ መድፍ ያቀልጡ፣ ጋሪና መንገድ ይሠሩ ነበር። ሴባስቶፖል የተባለው ታላቁ መድፍ ከዚያ ተነሥቶ እስከ መቅደላ የተጎተተው በ1860 ዓ.ም. ነው። የበጌምድር ሰው ስለ መኪና ሥራ የሰማው ከሸዋ ሰው ቀድሞ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ወይዘሮ ጣይቱ በዚያ ዘመን ለሴት ልጅ ያልተለመደ ትምህርት አግኝተዋል። አማርኛ ማንበብና መጻፍ፣ ግእዝም ያውቁ ነበር። ሰንጠረዥ ይጫወታሉ፤ በገናም ይደረድራሉ። የድምፅ ባለሙያ በዚህ በመጨረሻው ላይ ጥቂት ቢቆይ አይከፋም። በገና 10 አውታር ያለው፣ በተለይ በዐቢይ ጾም የሚደረደር የጸሎት መሣሪያ ነው። ያ የታወቀው የሚንዘረዘር ድምፁ የሚገኘው ከአውታሩ ብቻ አይደለም። በእያንዳንዱ አውታርና በብርኩማው መካከል እንዝራ የተባለች ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ትገባለች። እንዝራዋ ከቦታዋ በፀጉር ስፋት ከተዛነፈች አውታሩ ይደነዝዛል ወይም ይጮኻል፤ ልክ ቦታዋን ስታገኝ ግን ያ ከባድና ረጅም ንዝረት ይወጣል። በገና ደርዳሪ ከመደርደሩ በፊት ረጅም ጊዜ የሚያጠፋው አውታሩን በመቃኘትና እንዝራውን በማስተካከል ነው። የሚንቀጠቀጥ ነገርና የሚነካው ነገር መስማማት እንዳለባቸው እኒህ ወይዘሮ ከማንም መሐንዲስ ሳይማሩ በጣታቸው ያውቁት ነበር።

ከንጉሥ ምኒልክ ጋር የተጋቡት በ1875 ዓ.ም. በፋሲካ አንኮበር ላይ ነው። ከዚያ በፊት ሌሎች ባሎች ነበሯቸው፤ ይህ ለዘመኑ መኳንንት እንግዳ ነገር ስላልነበረ ብዙ የሚያነጋግር አይደለም። ይልቅ የሚያነጋግረው የሁለቱ ጠባይ ነው። ምኒልክ ነገርን በማዘግየት፣ ጣይቱ ደግሞ በግልጽ እምቢታ የታወቁ ነበሩ። ሕዝቡም ይህንኑ በቀልድ እያነሣ እስከ ዛሬ ይጫወትበታል። ክብደት ያለው በዝግታ የሚንቀሳቀስ አካልና የማይለመጥ ጠንካራ ጫፍ አንድ ላይ ሲሠሩ ምን ያህል እንደሚስማሙ ከዚህ በታች በክንድና በመርፌ ምሳሌ ይታያል፤ በባልና በሚስት ረገድ ግን ውጤቱ የታየው ዓድዋ ላይ ነው።

ከዓድዋ በፊት አዲስ አበባ አለች። በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ብርድ ወርደው በፍል ውሃው አጠገብ ቤት ያሠሩት፣ ከተማዋንም በስሟ የጠሯት እቴጌይቱ እንደሆኑ ይታወቃል። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ሲነግሡ፣ ጣይቱ ከሁለት ቀን በኋላ ብርሃን ዘኢትዮጵያ ተብለው ዘውድ ጫኑ። የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ በአማርኛውና በኢጣልያንኛው የተለያየ ሆኖ ሲገኝ፣ በ1883 ዓ.ም. ከኮንት አንቶኔሊ ጋር በተደረገው ክርክር አንዲት ቃል እንኳ ሳይለቁ የተከራከሩት እርሳቸው ነበሩ። አንቶኔሊ በቁጣ ከአዲስ አበባ ወጣ፤ ኢጣልያኖችም ስለ እቴጌይቱ ክፉ ክፉውን የጻፉት ከዚያ በኋላ ነው። በጥር 1888 ዓ.ም. በመቀሌው ምሽግ የውሃው ምንጭ እንዲያዝ ያመለከቱት እቴጌ ጣይቱ እንደሆኑ ይተረካል። ምሽጉም በጥማት ተለቀቀ። የካቲት 23 ቀን ዓድዋ ላይ በራሳቸው ጦር መካከል ተገኝተው የሚያፈገፍገውን ሲያደፋፍሩ፣ ሴቶቹን ውሃ ለማቅረብ ሲያሰማሩ ዋሉ። ይህ ሁሉ በሰፊው የተጻፈ ስለሆነ እዚህ ላይ መድገሙ አያስፈልግም።

ከዓድዋ ድል በኋላ የአውሮፓ መንግሥታት በየተራ መልእክተኞቻቸውን ወደ አዲስ አበባ ላኩ። እንግሊዝ ጆን ሌን ሃሪንግተንን ሾመች። በአውሮፓ አቆጣጠር በነሐሴ 1898 ንግሥት ቪክቶሪያ ለምኒልክና ለጣይቱ የሰላምታ ቃላቸውን በፎኖግራፍ ሲሊንደር ላይ ቀረጹ፤ ይህንንም ሃሪንግተን ይዞት መጣ። ንጉሠ ነገሥቱ መልእክቱን በታላቅ ክብር ተቀብለው ደጋግመው አዳመጡት። ንግሥቲቱ ግን ድምፃቸው በሰው እጅ እንዲቀር አልፈለጉምና፣ ሲሊንደሩ ከተደመጠ በኋላ እንዲጠፋ ተደረገ። በ1899 ምኒልክና ጣይቱ በተራቸው መልሱን ቀረጹ። ይህኛው አልተሰበረም፤ ቅጂው ዛሬ በለንደኑ ብሪቲሽ ላይብረሪ የድምፅ ክፍል ይገኛል። ስለዚህ ከሁለቱ መልእክቶች የቀረው የኢትዮጵያው ነው። እቴጌይቱ የሚናገሩት በራሳቸው ስምና በራሳቸው ማዕረግ ለብቻቸው ሲሆን፣ የንግሥቲቱን ድምፅ በመስማታቸው የተሰማቸውን ደስታ ገልጸው መልካም ይመኛሉ። ቃሉ የወዳጅነት ቃል ነው፤ ቁጣም እምቢታም የለበትም። በጠላት ብዕር ብቻ ለሚያውቃቸው ሰው ይህ ራሱ አዲስ ነገር ነው።

የሲሊንደሩ ሥራ እንዲህ ነው። በዚያ ዘመን የነበረው ቡናማ ሲሊንደር ንብ የምትሠራው ሰም ሳይሆን ከስብ የሚገኝ የሳሙና ዓይነት ነው፤ ወርዱ ወደ 5.5 ሴንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ ወደ 10.5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ተናጋሪው በቀንድ መሰል አፉ ውስጥ ሲናገር የድምፁ ግፊት ስስ ሽፋንን ያንቀጠቅጣል፤ በሽፋኑ ላይ የተያያዘው የሰንፔር ስለት ሰሙን ይቀርጻል። ኤሌክትሪክ የሚባል ነገር የለበትም። ቦዩ በአንድ ኢንች 100 ዙር ይሄዳል፤ ንዝረቱም የተጻፈው እንደ ተራው የሸክላ ዲስክ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሳይሆን ወደ ላይና ወደ ታች፣ በጥልቀት ነው። ድምፁ ሁለት ደቂቃ ያህል ብቻ ይይዛል። የጥንቱ ማጫወቻ ራስ ከባድ ስለነበረ በተጫወተ ቁጥር ሰሙን ይፍቀዋል። እርጥበት ሲያገኝም ይሻግታል፤ ሻጋታውም ሰሙን በልቶ ጉድጓድ ይተዋል። ለዚህ ነው አንድ ሲሊንደር በጥሩ ሁኔታ የሚደመጥበት ጊዜ በጣም የተቆጠረ የሚሆነው፤ በማይስማማ መርፌ የሚጠፋው ድምፅም የማይመለስ ነው።

በዛሬ መሣሪያ እንዲህ ያለውን ሲሊንደር ለማጫወት የሚነሣ ባለሙያ መጀመሪያ የሚያስተውለው የመርፌውን ጫፍ ነው። ለረጅም ማጫወቻ ሸክላ የተሠራ ጫፍ ክብነቱ 18 ማይክሮ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ የጥንቱ 78 ዙር ሸክላ 70 ያህል ይፈልጋል። የሁለት ደቂቃው ሲሊንደር ግን 190 ያህል ይሻል። ቀጭኑ ጫፍ በሰፊው ቦይ ወለል ላይ ይንከራተታል፤ የሚሰማውም ድምፁ ሳይሆን ቆሻሻው ነው። ሁለተኛው ነገር አቅጣጫው ነው። ወደ ጎን የሚሄደውን ንዝረት ብቻ እንዲያነብ የተሠራ፣ በራሱ ሥራ እጅግ የተከበረ ባለ አንድ ድምፅ ካርትሪጅ በዚህ ሲሊንደር ላይ ቢቀመጥ እቴጌይቱን ዝም ያሰኛቸዋል። የስቴሪዮ ካርትሪጅ ተወስዶ ሁለቱ ወገኖቹ በተቃራኒ ሲገናኙ ግን፣ የጎኑ ንዝረት እርስ በርሱ ይጠፋፋና የላይና የታቹ ብቻ ይቀራል። የሽቦ ነገር ነው፤ ዋጋ የለውም፤ ሳያውቁት ለሚቀሩ ግን ድምፁ የለም ማለት ነው።

ሦስተኛውና ብዙ ሰው የሚሳሳትበት የክንዱና የካርትሪጁ ስምምነት ነው። በመርፌው ጫፍ ላይ የሚሰማው የክንዱ ክብደትና የመርፌው ልስላሴ አንድ ላይ ሆነው እንደ ጅማትና እንደ ድንጋይ የራሳቸው የሆነ ንዝረት አላቸው። ይህም ሬዞናንስ የሚባለው ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ የክንዱና የካርትሪጁ ክብደት በግራም ተደምሮ፣ መርፌው በአንድ ሚሊ ኒውተን ግፊት በሚለጠጥበት ማይክሮ ሜትር ይባዛል፤ የውጤቱ ካሬ ሥር ተወስዶ 159 በእርሱ ሲካፈል ንዝረቱ በሄርዝ ይገኛል። ለተራው ሸክላ ከ8 እስከ 12 ሄርዝ መሆኑ ይመረጣል። ከዚያ ካነሰ የሸክላው መጣመምና የሰው ኮቴ መርፌውን ያዘልለዋል፤ በጣም ከበዛ ደግሞ ዝቅተኛው የሙዚቃ ድምፅ ይነካል።

በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የተሠሩት የሬዲዮ ጣቢያና የቤት ማጫወቻዎች ክንዳቸው ከባድ ነው። አንዱ ክንድ ሲንቀሳቀስ 20 ግራም የሚያህል ቢሰማና 7 ግራም ካርትሪጅ ቢገጠምበት ጠቅላላው 27 ይሆናል። ልስላሴው 25 የሆነ፣ በኋለኞቹ ዓመታት በጣም የተወደደ ዓይነት መርፌ ቢታሰርበት ውጤቱ 6 ሄርዝ ገደማ ነው። ይኸው ክንድ ልስላሴው 8 የሆነ ጠንካራ መርፌ ቢይዝ ወደ 11 ሄርዝ ይወጣል። ክንዱ አልተለወጠም፤ ውድ ካርትሪጅም አልተገዛም፤ ከባዱ ከጠንካራው ጋር ስለተገናኘ ብቻ ነው። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የጃፓን ፋብሪካዎች ልስላሴውን ብዙ ጊዜ የሚለኩት በ100 ሄርዝ ነው፤ ስሌቱ የሚፈልገው የ10 ሄርዙ ቁጥር ግን ከዚያ አንድ ተኩል ወይም ሁለት እጥፍ ያህል ይበልጣል። ወረቀቱን ብቻ አይቶ የሚያሰላ ሰው ጥሩውን መርፌ ያለ ጥፋቱ ይኮንነዋል።

ሲሊንደር ሲሆን ነገሩ ይጠብቃል። ረጅም ማጫወቻ ሸክላ በሁለት ሰከንድ አንድ ጊዜ ገደማ ሲዞር፣ ሲሊንደሩ በደቂቃ 144 ጊዜ ቢዞር በሰከንድ 2.4 ዙር ይሆናል። ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ሰም ደግሞ ፍጹም ክብ ሆኖ አይገኝም። እንቁላል መሰል ከሆነ በየዙሩ ሁለት ጊዜ፣ ማለት 4.8 ሄርዝ፣ ይበልጥ ከተጣመመ 7.2 ሄርዝ ክንዱን ይገፋዋል። እንግዲህ ያ በ6 ሄርዝ የሚንቀጠቀጠው ለስላሳ መርፌና ከባድ ክንድ በሁለቱ መካከል ወድቋልና፣ መርፌው ከቦዩ ይዘላል ወይም ሰሙን ይወጋል። በሌላ በኩል በቀንድ የተቀረጸ የሰው ድምፅ ከ150 ሄርዝ በታች ይህ ነው የሚባል ነገር ስለሌለው፣ ሬዞናንሱን ከተለመደው ከፍ ማድረግ ጉዳት የለውም። 8 ግራም ክንድ፣ 6 ግራም ካርትሪጅ፣ 8 ልስላሴ ሲገናኙ 15 ሄርዝ ይሆናል፤ ለእንዲህ ያለው ሰም የሚመረጠውም ይህን የመሰለው ነው። ፈረንሳዊው ሄንሪ ሻሙ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጨረሻ የሠራው አርኬኦፎን የተባለው ማጫወቻ የዘመኑን ካርትሪጅ በቀጥታ መስመር በሚጓዝ ክንድ ላይ አድርጎ በጥቂት ግራም ግፊት ብቻ ያነባል። ከዚያ በኋላ ደግሞ ሰሙን ጭራሽ ሳይነኩ በብርሃን የሚያነቡ መሣሪያዎች መጥተዋል። ለተሰበረና ለሻገተ ሲሊንደር ከእነዚህ የሚሻል የለም፤ ለደህናው ግን በሚገባ የተስማማ መርፌ እስከ ዛሬ አልተናቀም።

የቀረው ፍጥነቱ ነው። የዚያ ዘመን ሲሊንደሮች ከ120 እስከ 160 ዙር በተለያየ ፍጥነት ተቀርጸዋል። በ144 የተቀረጸውን በ160 ያጫወተ ሰው ድምፁን በ11 ከመቶ ያፈጥነዋል፤ ይህም በቅኝት ሁለት ግማሽ ድምፅ ያህል ወደ ላይ ማውጣት ነው። የጎለመሰችውን ሴት ልጅ እግር ያደርጋታል። በተቃራኒው ቢያጓትተው ደግሞ እቴጌይቱን ጠላቶቻቸው እንደሚስሏቸው ጐርናና ያሰኛቸዋል። ስለ ድምፃቸው ለዛ የሚፈርድ ሁሉ አስቀድሞ ፍጥነቱ እንዴት እንደተወሰነ መጠየቅ ይኖርበታል። በዚህ ረገድ ሜትር ብቻውን አይበቃም፤ አማርኛን አፉን የፈታበት ሰው አጠገቡ ያስፈልጋል።

ከዚህ በኋላ ያለው የእቴጌይቱ ታሪክ አሳዛኝ ነው። ምኒልክ ታመው ከሥራ ሲርቁ መንግሥቱን በእጃቸው ያዙ፤ የስሜንና የየጁ ዘመዶቻቸውን ስለ ሾሙ የሸዋ መኳንንት ተነሡባቸው። በመጋቢት 1902 ዓ.ም. ከመንግሥት ጉዳይ እንዲወጡና ባላቸውን ብቻ እንዲያስታምሙ ተወሰነባቸው። እምቢታቸውን የሚሰማ በዙሪያቸው አልቀረም ነበር። የወንድማቸው የራስ ወሌ ልጅ ራስ ጉግሣ ወሌ በኋላ በጌምድርን ከደብረ ታቦር ሆነው አስተዳድረዋል፤ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. አንቺም ላይ በአውሮፕላን በታገዘ ጦር ተሸንፈው ሞቱ።

ዓፄ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ እቴጌ ጣይቱ ከቤተ መንግሥቱ ወጥተው ወደ እንጦጦ ማርያም ወጡ። ከዚያ ከብርዱ ተራራ ላይ፣ ራሳቸው ስም ያወጡላትን ከተማ ወደ ታች እያዩ አራት ዓመት ኖሩ። የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. ዐረፉ። መጀመሪያ እዚያው እንጦጦ ተቀብረው፣ በኋላ አስከሬናቸው ወደ ታዕካ ነገሥት በዓታ ለማርያም መጥቶ ከባላቸው ጎን ተቀመጠ።